ስታነቡ ወርቁን፣ ስትጽፉ ሰሙን

ባለፈው መስከረም አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን እሱም መምህር ሆኗል፤ ግጥም ያስተምራል። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

«ዶክተር፣ ጉድ ሆንኩልዎት» አለኝ።

«ምነው?»

«የትምህርት ክፍል ኃላፊ አድርገው መረጡኝ። ሻይ ልጠጣ ወጣ ብዬ ነበር። ስመለስ ተመርጬ ጠበቁኝ።»

ሳቄ መጣ። እኔም የተመረጥኩት እንደዛው ነው። ስብሰባው ላይ የሌለ ሰው ይመረጣል። ከዛች ቀን በኋላ ዘጠኝ ዓመት ቢሮ ውስጥ ቆየሁ። ሁለት ዓመት የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ አራት ዓመት ዲን፣ ሦስት ዓመት ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኜ ሠራሁ። አሁን ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ። ለልጁ በስልክ የነገርኩትን፣ ደቂቃ አልቆብኝ ያልነገርኩትንም ጨምሬ ላስቀምጠው። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ ኖረው ድንገት ማህተም ለተሰጣቸው ሰዎች ነው።

እሺ ከማለታችሁ በፊት

መጀመሪያ የማዕረግ ነገር። ሌክቸረር ሆናችሁ ቢሮ ከገባችሁ፣ ሌክቸረር ሆናችሁ የመውጣታችሁ ነገር አይቀርም። ጥናት ማሳተም ረጅም ጸጥታ ይፈልጋል። ቢሮ ውስጥ ደግሞ በሩ ሳይንኳኳ ሃያ ደቂቃ አያልፍም። እኔ ተባባሪ ፕሮፌሰርነቴን ያገኘሁት ከመመረጤ ሰባት ወር በፊት ነበር። ብልህ ሆኜ አይደለም፣ ዕድል ነው። በዘጠኙ ዓመት ውስጥ ያሳተምኩት ሁለት ጽሑፍ ብቻ ነው። አንዱንም ለሌላ ሰው ማንበብ ያሳፍረኛል። ያላለቀ ጽሑፍ ካላችሁ «ስድስት ወር ስጡኝ» በሉ። ሹመት አይጠፋም፤ እመኑኝ፣ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ኮርስ በእጃችሁ ይቅር። ከአንድ በላይ አትያዙ፣ ከአንድ በታችም አትውረዱ። ይሄ በቃል ስምምነት አይሆንም፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ከዛ ክፍለ ጊዜውን ጠዋት 2:00 ሰዓት ላይ አድርጉት። ከሰዓት ካደረጋችሁት ስብሰባ ይበላዋል። እኔ ዲን ሆኜ በመጀመሪያው ዓመት ማክሰኞ ከሰዓት አስተምር ነበር። ከአሥራ ስድስት ክፍለ ጊዜ ሰባቱን ቀረሁ። ተማሪዎቹ ምንም አላሉኝም፣ በግምገማ ወረቀቱ ላይ ግን አንዱ «መምህርቷ ጥሩ ናቸው ይባላል» ብሎ ጻፈ። እስካሁን ትቆጠቁጠኛለች።

ሦስተኛ፣ የምትረከቡትን ዕዳ ጠይቁ። ስንት መምህር ትምህርት ላይ ነው? የእነሱን ኮርስ ማን ተሸክሞታል? ያልተከፈለ ኦቨርሎድ፣ ማለትም ከመደበኛው በላይ ያስተማሩበት ክፍያ፣ አለ? ያልተፈታ የዲሲፕሊን ጉዳይስ? ርክክቡን በሻይ አትጨርሱት። በወረቀት፣ በፊርማ፣ ከነዝርዝሩ ይሁን።

የመጀመሪያው ወር፦ ማንበብ

እዚህ ላይ ከኢንጂነሩ ጓደኛችሁ ትበልጣላችሁ። ማንበብ ታውቃላችሁ።

ያለፉትን ሦስት ዓመታት ቃለ ጉባኤ አውጡና እንደ ልቦለድ አንብቡት። ገጸ ባሕርያቱን ለዩ። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚናገረው ማን ነው? ስሙ «የተገኙ» ሥር እየተጻፈ አንድም ቃል የማይወጣው ማን ነው? «በቀጣይ ስብሰባ እንዲታይ» የተባለ አጀንዳ ስንቴ ተመለሰ? እኔ አምስት ጊዜ የተላለፈ አጀንዳ አግኝቻለሁ። የአንዲት የቢሮ ቁልፍ ጉዳይ ነበር። አምስት ጊዜ! ቆፍሬ ሳየው ጉዳዩ የቁልፍ አልነበረም፤ የሁለት ሰዎች የቆየ ቂም ነበር። ቂሙን ለመፍታት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ቁልፉን ግን በማግስቱ አስቀረጽኩት።

ከዛ ሕጉን አንብቡ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አለ። የዩኒቨርሲቲያችሁ ሴኔት ሌጅስሌሽን፣ ማለትም የውስጥ ደንቡ፣ ደግሞ አለ፤ እሱ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ሁለት ቀለም እርሳስ ያዙ። «ሻል» የሚለውን በቀይ፣ «ሜይ» የሚለውን በሰማያዊ አስምሩ። አንዱ ግዴታ ነው፣ ሌላው ፈቃድ። ግማሹ የዩኒቨርሲቲ ጠብ ሰማያዊውን ቀይ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው የሚያመጣው ነው። የኔ ኮፒ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ከማንኛውም የግጥም መድበል በላይ ጫፉ የታጠፈ እሱ ነው።

ጸሐፊዋንና የመዝገብ ቤቱን ሰው በመጀመሪያው ቀን ተዋወቁ። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ከመጣችሁ «የሚፈልጉት ነገር ስላለ ነው» ይባላል፤ እውነትም ነው። በነገራችን ላይ የዬል ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ባርትሌት ጃማቲ የኛው ሙያ ሰው ነበሩ። የሕዳሴ ዘመን ሥነ ጽሑፍ ምሁር ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1986 ዬልን መሩ። በ1984 ጸሐፊዎችና የቴክኒክ ሠራተኞች አድማ መቱባቸው፤ አሥር ሳምንት ገደማ ፈጀ። ፕሮፌሰሮቹ ግቢ ውስጥ ማስተማር የከበዳቸው ጊዜ ነበር። በኋላ ሰውዬው ዩኒቨርሲቲውን ትተው የአሜሪካ ቤዝቦል የበላይ ኃላፊ ሆኑ፤ በዛ ሥራ አምስት ወር ሠርተው በ51 ዓመታቸው አረፉ። ሥነ ጽሑፍ ተምሮ የት ይደረሳል ለሚሉ ዘመዶች ይሄን እነግራቸዋለሁ።

ገንዘብ

እንግዲህ የምንፈራው ክፍል ላይ ደረስን። እኔ በጀት የሚባል ነገር ሲነሳ ዓይኔ መስኮት ይፈልግ ነበር።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። መስከረም ላይ እኛ ከእረፍት ስንመለስ «አዲስ ዓመት ነው» እንላለን። ለፋይናንስ ግን ሁለት ወር አልፏል። በሰኔ 30 ያልተጠቀማችሁበት ገንዘብ ይመለሳል። ይሄን የሚያውቀው ሁሉ ሰኔ ላይ ግዢ ክፍል በር ላይ ይሰለፋል።

አሁን የራሴን ውርደት ልንገራችሁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊ በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት መጻሕፍት የምንገዛበት ገንዘብ ተፈቀደልን። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አርባ ርዕስ መረጥኩ። ግዢ ክፍል «ስፔሲፊኬሽን አያይዙ» አለኝ። እኔ ስፔሲፊኬሽን ማለት ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት መሰለኝ። ሦስት ሳምንት ቁጭ ብዬ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ስለ አተራረኩ፣ ስለ ቋንቋው ውበት፣ ለተማሪው ስለሚሰጠው ነገር። ሃያ ገጽ ሆነ። ባሰርኩትም ጊዜ ኮራሁ።

የግዢ ኃላፊው ሁለት ገጽ አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ዶክተር፣ ይሄ ስፔሲፊኬሽን ነው ወይስ ግጥም?» አሉኝ።

የፈለጉት ርዕስ፣ ደራሲ፣ አሳታሚ፣ የኅትመት ዓመት፣ የሽፋን ዓይነትና ብዛት ነበር። አንድ ሠንጠረዥ። እሱን አስተካክዬ ስመለስ ግንቦት አጋማሽ ሆኗል። ፕሮፎርማ፣ ማለትም የነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ፣ ተሰበሰበ፣ ሦስቱም ነጋዴዎች ግማሹ መጽሐፍ የለንም አሉ፣ ሰኔ 30 መጣ፣ ገንዘቡ ሄደ። አንድም መጽሐፍ አልገባም። ተማሪዎቹ ያን ዓመትም በፎቶ ኮፒ ተማሩ።

ስለዚህ፦ የግዢ ጥያቄያችሁ ኅዳር ሳያልቅ ግዢ ክፍል ይድረስ። ከማስገባታችሁ በፊት ሁለት መጻሕፍት መደብር ሂዱና የትኛው ርዕስ ገበያ ላይ እንዳለ ራሳችሁ እዩ። ሠንጠረዡን አምና ከተሳካለት ክፍል ለምናችሁ ቅዱ፤ እዚህ ላይ ኩረጃ አያስነውርም። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ከግምጃ ቤት ስትጠይቁ ሞዴል 20፣ ሲወጣላችሁ ሞዴል 22 መሆኑን ልመዱ። ቆጥራችሁ ሳታዩ ሞዴል 22 ላይ አትፈርሙ። ዓመት ቆይቶ «ስድስተኛው ወንበር የት ገባ?» ሲባል ግጥም አያድናችሁም።

እኚያ የግዢ ኃላፊ በኋላ ወዳጄ ሆኑ። ምክትል ፕሬዚዳንት ስሆን የበጀት ሰነድ አነባበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዘዴያቸው ቀላል ነው። «አምና ከታቀደው የዘንድሮውን አያወዳድሩ። አምና በትክክል ከወጣው ጋር ያወዳድሩ» አሉኝ። ዕቅድ ምኞት ነው፣ ሰው የሚታወቀው ባወጣው ገንዘብ ነው አሉ። ይሄን አንድ የልቦለድ ተቺ ቢለው አጨበጭብለት ነበር።

ደብዳቤ

ስለ ደብዳቤ ብዙ እላለሁ፤ ምክንያቱም ጥሩ ጸሐፊ ነን ብለን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ዲን ሆኜ በሁለተኛው ዓመት ይሄን ጻፍኩ፦ «መምህራን ፈተናው በተጠናቀቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተማሪዎችን ውጤት እንዲያስገቡ በአክብሮት እናሳስባለን።» አጭር፣ ጨዋ፣ ምቱ እንኳ ያማረ። ምን ይወጣለታል?

ግማሹ መምህር «ፈተናው» የእኔ ኮርስ ፈተና ነው አለ። ግማሹ ደግሞ የግቢው ፈተና በሙሉ ነው አለ። ሁለት ሳምንት ለአንዳንዱ 14 ቀን፣ ለአንዳንዱ 10 የሥራ ቀን ሆነ። የት እንደሚያስገቡም አልጻፍኩም። ግማሹ ለትምህርት ክፍል ጸሐፊ ሰጠ፣ ሌላው ሪጅስትራር ወሰደ፣ አንዱ በበሬ ሥር አስገባው። ተማሪ ይሄን በስንኝ ቢጽፍልኝ ኤ እሰጠው ነበር።

የተመራቂዎች ዝርዝር ሴኔት ሲደርስ የሁለት ትምህርት ክፍል ተማሪዎች አልተካተቱም። ምርቃቱ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሴኔቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አንድ አባት ከሩቅ ደወሉልኝ። ስልኬን ማን እንደሰጣቸው አላውቅም። «እመቤት፣ በጉን ልግዛ ወይስ ልተወው?» አሉኝ። በጉን ይግዙ አልኳቸው፤ አፌ ግን ደረቀ። ልጅቷ ተመረቀች። እኔ ከዚያ ሳምንት በኋላ ደብዳቤ አጻጻፌን ቀየርኩ።

በቅኔ ሰም አለ፣ ወርቅ አለ። ክፍል ውስጥ ሥራችን ሰሙን ገፎ ወርቁን ማውጣት ነው። የቢሮ ደብዳቤ ውስጥ ግን ወርቅ አይቀበርም። ሰም ብቻ። የሚከተለው ዓመት ደብዳቤዬ እንዲህ ይላል፦ «የሁሉም ኮርስ ውጤት ሰኔ 18 ቀን ከቀኑ 11:00 ሰዓት በፊት፣ በሁለት ኮፒ፣ ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ይሰጥ። ያልደረሰ ውጤት ያለበት ኮርስ ዝርዝር በማግስቱ ለአካዳሚክ ኮሚሽን ይቀርባል።» ውበት የለውም። ሁሉም ግን በቀኑ አስገባ፤ አንድ ሰው ሲቀር። እሱ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ነገር በቀኑ አስገብቶ አያውቅም።

የምመክረው ይሄ ነው። ፈርማችሁ ከመላካችሁ በፊት ደብዳቤውን ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አንብቡለት፤ የእኔ አድማጭ የቢሮው ተላላኪ ነበር። «ምን አድርግ አለህ?» በሉት። ከተንተባተበ እንደገና ጻፉ። «በተቻለ መጠን»፣ «በአጭር ጊዜ»፣ «አግባብነት ባለው መልኩ» የሚሉትን ሰርዙ። ተረትና ምሳሌ አታስገቡ፤ እኔ አንዴ አስገብቼ ቅሬታ ሰሚ ፊት «ሰደቡኝ» ተብዬ አስረድቻለሁ። ተናዳችሁ የጻፋችሁት ደብዳቤ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ይደር። ለማን ግልባጭ እንደምታደርጉ አስቡ። ግልባጭ የበዛበት ደብዳቤ ጩኸት ነው።

ሰው ሲመጣ

የሚጽፉት ሰም ይሁን ብያለሁ። የሚሰሙት ግን አብዛኛው ቅኔ ነው። አገራችን ናት፤ ሰው በቀጥታ አይናገርም።

አንድ አንጋፋ መምህር ነበሩ፤ እኔንም ያስተማሩኝ። የቢሯቸው መስኮት ተሰብሯል ብለው መጡ። አስጠገንኩ። ከሳምንት በኋላ መብራቱ ብለው መጡ። ተቀየረ። ቀጥሎ የበሩ ቁልፍ። አራተኛ ጊዜ ሲመጡ ወንበሩ ይንቃቃል አሉ። ያኔ ነው የነቃሁት። በሩን ዘግቼ «ጋሼ፣ ቅር ያሰኘዎት ሰው አለ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዛ «ሥርዓተ ትምህርቱን ያረቀቅኩት እኔ ነበርኩ። ሲከለስ ማንም አልጠራኝም» አሉ። የከለሳውን ኮሚቴ ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። ስማቸውን የዘነጋሁትም እኔ። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ በማግስቱ ኮሚቴው ውስጥ ገቡ። ወንበሩ እስካሁን ይንቃቃል፤ ከዛ በኋላ አንስተውትም አያውቁም።

«ሰላም ልበልዎት ብዬ ነው» ብሎ የመጣን ሰው አታጣድፉት። ዋናው ነገር የሚወጣው ተነስቶ እጁ የበር እጀታ ላይ ሲያርፍ ነው። እኔ ሰው ሲወጣ እስከ በር የምሸኘው ለጨዋነት ብቻ አይደለም።

ግን አታብዙት። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች በሽታችን ሁሉንም መተርጎም ነው። ተማሪ «ዶርም ውስጥ ለሦስት ቀን ውሃ የለም» ካለ ወርቅ አትፈልጉ። ውሃ የለም ማለቱ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ንጃቡሎ ንዴቤሌ የሥነ ጽሑፍ ምሁርና ደራሲ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2008 የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲን መርተዋል፤ ከዚያ በፊትም የሰሜን ዩኒቨርሲቲን። ገና አፓርታይድ ሳይወድቅ የአገራቸው ጸሐፊዎች ትልቁን ትርዒት እያዩ ተራውን የዕለት ኑሮ ረሱት ብለው ተከራክረው ነበር። እኔ ይሄን ሐሳብ በተማሪነቴ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። የገባኝ ግን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኜ ከሌሊቱ 5:00 ሰዓት ቧንቧ ሠራተኛ ስፈልግ ነው።

ወደ ላይ መውጣት

ከዲን በላይ ያለው መንገድ ሌላ ነው። ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትልነት ማስታወቂያ ይወጣል፣ ስትራቴጂክ ዕቅድ ታቀርባላችሁ፣ ሰው ሞልቶ ይጠይቃችኋል። ስለ ራዕይ አሥር ደቂቃ አትናገሩ። ሁሉም ተወዳዳሪ ይሄንኑ ይናገራል፣ አዳራሹም ያንቀላፋል። እኔ የጀመርኩት «ከግቢያችን ለትምህርት የሄዱ መምህራን ስንት እንደሆኑ ታውቃላችሁ?» ብዬ ነው። ቁጥሩን ስናገር ሰው ቀና አለ። ቁጥሩን ከሪጅስትራርና ከሰው ኃይል አመራር ለማጣራት አራት ቀን ፈጅቶብኛል።

መንገዱ ቀጥ ያለ ካልሆነ አትዘኑ። ሩት ሲመንስን አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1945 ቴክሳስ፣ ግሬፕላንድ ውስጥ ተወለዱ። ለአሥራ ሁለት ልጆች የመጨረሻዋ ናቸው፤ አባታቸው በሰው መሬት ላይ የሚያርሱ የእኩል አራሽ ነበሩ። በ1973 ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያዙ፤ ጥናታቸው በማርቲኒኩ ገጣሚ በኤሜ ሴዜር ላይ ነው። ፈረንሳይኛ አስተማሩ፣ ረዳት ዲን ሆኑ፣ ፕሪንስተን ሠሩ፣ ስፔልማን ኮሌጅ ሠሩ፣ ተመልሰው ፕሪንስተን። በ1995 የስሚዝ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ዕድሜያቸው ሃምሳ ነበር። በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጆች የመጀመሪያውን የምህንድስና ፕሮግራም የጀመሩት እዛ ነው። የግጥም ተመራማሪ ምህንድስና ስትከፍት አስቡት። በ2001 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2003 ዩኒቨርሲቲው ከባሪያ ንግድ ጋር የነበረውን ትስስር የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሪፖርቱ በ2006 ወጣ። የቆየ መዝገብ አስወጥቶ ማስነበብ፤ ይሄ የኛ ሰው ሥራ ነው እላለሁ።

መውረድ

ሲሾሙ ስለ መውረድ የሚያስብ የለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተረከባችሁትን ዕቃ በአንድ ደብተር መዝግቡ። ላፕቶፕ፣ መኪና፣ ማህተም፣ ቲተር (የስም ማህተም)፣ ቁልፍ። ጊዜው ሲደርስ ክሊራንሳችሁን፣ ዕዳ የለባችሁም የሚለውን ወረቀት፣ ከመልቀቂያው ወር በፊት ጀምሩ፤ ከአሥር በላይ ቢሮ ይዞራል። የመኪና አበሉንም ቶሎ እርሱት። አንድ ወር ታክሲ ስትሰለፉ ሰው ያያችኋል፣ ከዛ ይለምደዋል።

የኔ ክሊራንስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ፋይናንስ በአንድ ቀን ፈረመልኝ። ግዢ ክፍል ወዳጄ ሳይቀመጡ ፈረሙ። ንብረት ክፍል ስድስቱን ወንበር ቆጥሮ ፈረመ። የቀረው ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነበር። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች። «ዶክተር፣ እርስዎ ላይ አንድ የግጥም መድበል አለ። ስድስት ዓመቱ ነው።»

ቤት ሄጄ ፈለግኩ። አልጋዬ ራስጌ ነበር፤ ገጽ 31 ላይ የስብሰባ መጥሪያ ገብቶበታል። ቅጣቱን ከፈልኩና መለስኩት። ከዛ ያው ልጅ ጋ ተመልሼ እንደገና ተዋስኩት።